የዓሣ ሆድ ዕቃ፣ ሞላሰስና አንድ ኩሬ፦ ከሐዋሳ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት

ፕሮጀክቱ ወረቀት ላይ «ዘላቂ የዓሣ ሀብት፣ ዓሣ እርባታና ቱሪዝም» ይባላል። ገንዘቡ ከዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ አገልግሎት በጀት ነው። ሦስቱ ነገሮች አንድ ላይ የሚገናኙት በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ስለሆነ ከዚያ ጀመርን። ጠዋት ጀልባ ይገባል። ዓሣው እዚያው ይገፈፋል። ጎብኚው ጥሬውን ይበላል፣ ሾርባ ይጠጣል፣ አባ ኮዳ ከሚባለው ትልቅ ወፍ ጋር ፎቶ ይነሳል። የሚተርፈው ሆድ ዕቃ፣ ቅርፊትና አጥንት ዳር ላይ ይቆለላል። ፀሐይ ጠንከር ስትል ሽታው የት እንዳለ መጠየቅ አያስፈልግም።

ትርፉ ደግሞ ብዙ ነው። ከአንድ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚወጣው ፊሌቶ ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ሐይቁ በገጽ ላይ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለትም ጥቁር ውኃ ብቻ ነው። ዳር ላይ የተጣለው በዝናብ ታጥቦ ሲገባ ውኃው ይተናል፣ ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ ግን እዚያው ይቀራል። አልጌውን የሚመግበው እሱ ነው።

ዕቅዱ እንዲህ ነው። ሆድ ዕቃውን ሰብስበን አብላልተን ሳይሌጅ፣ ማለትም በአሲድ ሳይበሰብስ የሚቆይ ፈሳሽ፣ እናደርጋለን። ከሳይሌጁ የዓሣ መኖ እንሠራለን። መኖው ለማሳያ ኩሬ ይሆናል። ዳሩ ሲጸዳ ጎብኚ ይበዛል። ፓወርፖይንቱ ላይ ይህ ሁሉ በክብ ቀስት ተስሏል።

የመጀመሪያው ስብሰባ ከዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር ጋር ነበር። ቀድሞ የመጣው ጥያቄ «አበል አለው?» ነው። የለውም። ግማሹ ሰው ወጣ። መብራትም ስለጠፋ ክብ ቀስቱን ማንም አላየውም። የቀሩት ግን ለሥራው የሚፈለጉት ሰዎች ነበሩ፤ አንጋፋ አስጋሪዎች፣ ዓሣ የሚገፍፉ ልጆች፣ ሾርባ የሚሸጡ ሴቶች። አንዱ አንጋፋ «ልጄ፣ እዚህ ባለቤት የሌለው ነገር ካገኘህ ለኔም ንገረኝ» አሉኝ። ጭንቅላቱ ለሾርባ ይሄዳል። ሆድ ዕቃውን ልጆቹ ለወፎቹ እየወረወሩ ከጎብኚ ጉርሻ ይቀበሉበታል። የቀረውን ውሻ ይጠብቀዋል። ይህን ጻፍኩት። ዕቅዱን ግን ማንም አልነካውም።

ኅዳር፦ ኩሬው

ቦታ ያገኘነው ከከተማ ወጣ ብሎ፣ አንድ የወጣቶች ማኅበር ግቢ ውስጥ ነው። 10 ሜትር በ20 ሜትር። ጥልቀቱ በአንድ ጫፍ 80 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው 1 ሜትር ከ20፤ ሲለቀቅ ጠብ ሳይቀር እንዲደርቅ። ተማሪዎች በዶማና በአካፋ ቆፈሩት።

ከላይ ጥሩ ጥቁር አፈር ነው። ከሥሩ ግን ቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋና ፑሚስ የሚባለው ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ወጣ። ስምጥ ሸለቆ ላይ ተቀምጠን ሌላ ምን ይጠበቃል። የእጅ ሙከራው ቀላል ነው። እርጥብ አፈር ጨብጦ ድቡልቡል ማድረግ፣ ወደ ላይ መወርወር፣ ተመልሶ እጅ ላይ ሲያርፍ ካልፈረሰ በቂ ሸክላ አለው። የኛ ሳይወረወር ፈረሰ። ቢሆንም ሸክላ አፈር በጋሪ አስመጥተን፣ ወለሉንና ግድግዳውን ለብጠን፣ እያረጠብን ረገጥነው። ማታ ሞላነው። ጠዋት ውኃው እንጨቱ ላይ ካደረግነው ምልክት ስንዝር ያህል ወርዶ ነበር። ትነት አይደለም፤ እዚህ አገር ትነት በቀን አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ ጂኦሜምብሬን፣ ውኃ የማያሳልፍ የኩሬ ፕላስቲክ፣ ይገዛ ተባለ። ሦስት ፕሮፎርማ፣ ሦስት ማኅተም፣ ከዚያ ጥበቃ። ፕላስቲኩ ብቻውን የኩሬውን በጀት ከግማሽ በላይ ወሰደ። ለሕዝብ ማሳያ ተብሎ የተሠራው ኩሬ ማንም ጎረቤት በራሱ ገንዘብ የማይደግመው ኩሬ ሆነ። ሪፖርት ላይ ይህ «ተግዳሮት» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። ለኔ ግን የኩሬው ነገር እዚህ ላይ ተወስኗል።

ፕላስቲኩ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር መለስን። ባዶ ፕላስቲክ ላይ ቆሮሶ የሚለቅመው የተፈጥሮ ምግብ አያድግም። ደረቅ የከብት ፍግ በጆንያ አስረን ጥግ ላይ ነከርን። ውኃው ቀስ ብሎ አረንጓዴ ሆነ። የውኃ ጥራት ለሚለካበት ሴኪ ዲስክ ገንዘብ አላወጣንም። ነጭ የፕላስቲክ ሳህን እንጨት ላይ ቸንክረን ወደ ውኃው እናወርዳለን። ሳህኑ 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ሲጠፋ ፍጉ ይወጣል። ሳህን የሌለው ክንዱን እስከ ክርኑ ነክሮ መዳፉን ይመልከት፤ ልዩነት የለውም።

ታኅሣሥ፦ የመጀመሪያው በርሜል

ሳይሌጅ በመርህ ደረጃ ቀላል ነው። ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ስኳር ይፈልጋሉ። ዓሣ ውስጥ ስኳር የለም ማለት ይቻላል፤ ሞላሰስ የሚጨመረው ለዚህ ነው። እነሱ ስኳሩን በልተው አሲድ ያወጣሉ። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ4.5 ሲወርድ (ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ይቆማሉ። የዓሣው የራሱ ሆድ ዕቃ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ደግሞ ሥጋውን ወደ ፈሳሽ ይቀይሩታል። ሞላሰስ ከብት የሚያደልቡ ሰዎች ስለሚጠቀሙበት ማግኘቱ አያስቸግርም።

ሆድ ዕቃውን በቢላ ከታትፈን፣ የክብደቱን 10 በመቶ ሞላሰስ ጨምረን፣ እርጎ አክለን፣ በርሜሉን ጥርቅም አድርገን ጥላ ሥር አስቀመጥነው። ከቀናት በኋላ ክዳኑ አበጠ። ሲከፈት ግቢው ውስጥ ሰው አልቀረም። ከላይና ከዳር የሚኮመጥጥ ሽታ ነበረው፣ መሀሉ ግን በስብሷል። የፒኤች ወረቀቱም ያንኑ አሳየ፤ ዳር ላይ 4.5፣ መሀል ላይ ከ6 በላይ። የአምባዛ ጨጓራ ትልልቅ ቁራጮች አሲዱ ውስጣቸው ሳይደርስ ቀድመው በሰበሱ። ሁሉንም ጉድጓድ ቆፍረን በኖራ ቀበርነው። የጎረቤት ይቅርታ ለማግኘት ከዚያ የበለጠ ሥራ ነበረው።

ከሆድ ዕቃው ጋር ፌስታል፣ የመረብ ክርና መንጠቆ ይመጣል። አንድ መንጠቆ የተማሪ ጣት ወጋ። ከዚያ ወዲህ ወፍራም ጓንትና መልቀሚያ ጠረጴዛ ሳይኖር ማንም እጁን አያስገባም።

ጥር፦ የሠራው ቀመር

የእጅ ሥጋ መፍጫ ገዛን። በመጀመሪያው ባልዲ ቆመ። ቅርፊቱ ቢላው ላይ እየተጠመጠመ ያንቀዋል። መፍትሔው የተገኘው ማሽኑ ላይ ሳይሆን ገበያው ላይ ነው። ልጆቹ ዓሣውን መጀመሪያ ቅርፊቱን ይልጡታል፣ ከዚያ ሆዱን ይከፍታሉ። በመሀል ባልዲ ቢቀይሩ ምንም አይጎዳቸውም። ሁለት ቀለም ባልዲ ሰጠናቸው። ሰማያዊው ለቅርፊት፣ ቀዩ ለሆድ ዕቃ። ይህን ሐሳብ ያመጣው አንድ የሚገፍፍ ልጅ ነው፤ እኛ መፍጫ የሚያስተካክል መካኒክ ፍለጋ ላይ ነበርን።

አሁን የምንሠራበት መጠን ይኸው ነው። ለ100 ኪሎ የተፈጨ ሆድ ዕቃ 15 ኪሎ ሞላሰስ። መጀመሪያ እርጎ እንጨምር ነበር፤ አሁን ከቀድሞው በርሜል ትንሽ እናስቀራለንና እሱን እንጨምራለን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠዋትና ማታ በእንጨት ማማሰል። ክዳኑ ጋዝ እንዲያስወጣ ላላ ይላል፣ ዝንብ እንዳይገባ በጨርቅ ይታሰራል። ዝንብ ከገባ ትል ነው። ዕቃው ሁሉ ፕላስቲክ ይሁን፤ አሲዱ ብረት ይበላል። ከቀድሞው የማስቀረቱን ነገር ለሾርባ ሻጮቹ ላስረዳ ስል አንዷ «እርሾ ነው በለን እንጂ መምህር!» አለችና ንግግሬን አሳጠረችው። ከዚያ በኋላ በርሜሉን ከተማሪዎቹ የተሻለ የያዙት እነሱ ናቸው።

የዓሣ ጫጩት ወደ ኩሬው የገባውም በዚህ ወር ነው። ፈቃድ ተጠይቆ ከማኅበሩ ጋር ከሐይቁ ዳር ተያዘ። ወንድና ሴት አብረው ከገቡ ቆሮሶ ኩሬ ውስጥ ይራባል፣ ይራባል፣ ሁሉም ድንክ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አንድ በአንድ ተለየ። ሆዱ ሥር ጂቪ (ሐምራዊው የቁስል ቀለም) ቀባ ሲደረግ ቀዳዳዎቹ በደንብ ይታያሉ፤ ወንዱ ሁለት፣ ሴቷ ሦስት። ከ30 ግራም በታች ከሆነ ዓይን ይሳሳታል። በካሬ ሜትር ሁለት ሒሳብ 400 ወንድ አስገባን። ሴቶቹ ወደ ሐይቅ ተመለሱ።

የካቲት፦ ሁዳዴ

ጾም ሲገባ ገበያው ተገለባበጠ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ይቆየንና፣ በላተኛው እጅግ ብዙ ነው። ባልዲዎቹ ከቀትር በፊት ይሞላሉ።

በዚህ ወር ያልጠበቅነው ነገር ቀዩ ባልዲ ውስጥ ተገኘ። ጠረጴዛው ላይ ሲለቀም የበሰለ እንቁላል የያዘ ሆድ ዕቃ በጣም በዛ። ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ነው የምታቅፈው፤ እስኪፈለፈሉና እስኪጠነክሩ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስድባታል። ወንዱ ጎጆውን የሚቆፍረው ጥልቀት በሌለው የሐይቁ ዳር ነው። ያ ቦታ በሚጎተት መረብ ሲጠረግ ጎጆውም እናቲቱም አብረው ይሄዳሉ። አንድ ተማሪ የእንቁላሉን የብስለት ደረጃ በየባልዲው መመዝገብ ጀመረ። ሌላው የተጣለ ጭንቅላት እየለካ የዓሣውን መጠን ይገምታል። ሐይቁ ላይ ጀልባ ተከራይቶ ናሙና መውሰድ ውድ ነው። ባልዲው ግን በየቀኑ በነፃ ይመጣል።

ይህ መዝገብ ከአስጋሪዎቹ ጋር የነበረውን ውይይት ለወጠው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ በየሥልጠናው ይነበብላቸዋል፣ እነሱም በአክብሮት ያዛጋሉ። ሰንጠረዡን ስናሳያቸው ግን የገዛ ዓሣቸው ነውና ተጠጉ። ከመካከላቸው አንዱ ጠባብ ዓይን መረብ የሚጥሉት እነማን እንደሆኑ፣ ሌሊት የት እንደሚጥሉ ሳይጠየቅ ዘረዘረ። ስም አልጻፍኩም። የእኛ ሥራ ፖሊስነት ከሆነ ነገ ባልዲው አይመጣም።

ጠቡ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። ሆድ ዕቃው ወደ በርሜል ሲሄድ አባ ኮዳዎቹ ወደ ሌላ የቆሻሻ መጣያ ይሄዱ ጀመር። ወፍ የሚመግቡት ልጆች ጉርሻ ቀረባቸው። የጀልባ አስጎብኚ ደግሞ መጥቶ «ፈረንጁ ንጹሕ ሲሚንቶ ሊያይ ነው እዚህ ድረስ የሚመጣው?» አለ። ልክ ነው። ለቱሪዝም ብለን የጀመርነው ጽዳት ቱሪዝሙን እየበላው ነበር። በጥቅምት አንጋፋው የነገሩኝ ይሄው ነው።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ጠዋት መጀመሪያ ከገቡት ጀልባዎች የሚወጣው ሆድ ዕቃ የልጆቹ ነው። ወፎቹን የሚመግቡት ከውኃው ራቅ ባለ አንድ ቦታ ብቻ ይሆናል። ፌስታልና መንጠቆ ቀድሞ ይለቀማል፤ ወፏ ሳትመርጥ ነው የምትውጠው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለበርሜል ይሆናል። ለመመገቢያው ትንሽ የሲሚንቶ ወለል አፈሰስን፣ በየቀኑ ይታጠባል። የአጠባው ውኃ ወደ ሐይቅ እንዳይፈስ በቦይ ወደ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ይሄዳል። ጉድጓዱ በቶሎ ይሞላል፣ ማን ይጠርገው የሚለው አሁንም ያጨቃጭቃል።

መጋቢት፦ መኖ

ሳይሌጁ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ብቻውን መኖ አይሆንም። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ይጨመርበታል። ለሚያድግ ቆሮሶ ፕሮቲኑ 30 በመቶ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ፉርሽካ የዚያን ግማሽ ያህል ነው፣ ፋጉሎው ይቀርበዋል፣ ክፍተቱን ሳይሌጁ ይሞላል። ፋጉሎ ሲገዛ ማሽተትና መሰባበር ያስፈልጋል። የሻገተ ከሆነ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ሊኖርበት ይችላልና በርካሽም ቢሆን አይወሰድም።

ቆሮሶን በቆሮሶ መመገብ በሽታ ያዘዋውራል የሚል ጥያቄ ከተማሪ መጣ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አሲዱ ብዙውን ተህዋሲያን ይገድላል፣ ሁሉንም አይደለም። ስለዚህ ሳይሌጁ ከበርሜል ከወጣ በኋላ በትልቅ ድስት ይፈላል። የማገዶ ወጪ የገባው እዚህ ላይ ነው። ሲፈላ ከላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት መግፈፍ ይገባል፤ አለዚያ መኖው በጥቂት ቀን ይከረፋል።

ሊጡን በሥጋ መፍጫው አሳልፈን ፀሐይ ላይ አደረቅነው። ኩሬ ውስጥ ሲገባ ወዲያው ፈረሰ። ዓሣው ሳይደርስበት ጭቃ ላይ ወረደ። ቡላ ቢጨመር ያጣብቃል ብለው ሴቶቹ ነገሩን፣ እውነትም ያጣብቃል፤ ግን ሰው የሚበላውን ቡላ ለዓሣ መስጠት ማንም አልተዋጠለትም። በቆሎ ዱቄት በቀጭኑ አገንፍተን ቀላቀልን። አሁን ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ቀስ እያደረጉ መስጠት ነው። መብላት ሲያቆሙ እጅም ይቆማል።

ሚያዝያ

ንጋት ላይ ዓሣዎቹ ከላይ ተሰብስበው አየር ሲጎርሱ ጥበቃው አየና ደወለ። ሌሊቱን ሙሉ ደመና ነበር፣ አልጌው በዝቷል፣ የተረፈው መኖ ታች ይበሰብሳል። ሌሊት አልጌውም ኦክስጅን ይተነፍሳልና ጎህ ሲቀድ ያልቃል። አዲስ ውኃ ከፍ ካለ ቦታ እየረጨን ለቀቅን፣ መኖውን ለሁለት ቀን አቆምን። ጥቂት ሞተ።

ዳር ላይ ደግሞ ጫጩት መንጋ ታየ። 400 «ወንዶች» ውስጥ ሴቶች ነበሩ። ለዚህ የታወቀው መድኃኒት ትንንሽ አምባዛ መጨመር ነው፤ ጫጩቱን ይበላል። ሲገቡ ከቆሮሶዎቹ ያነሱ ይሁኑ። አለበለዚያ ትልልቆቹን ቆሮሶዎችም ይበሏቸዋል። ወፎቹም ኩሬውን አግኝተውታል። ከላይ አሮጌ መረብ ዘረጋን። አባ ኮዳው መረቡ አጠገብ ቆሞ ይውላል፣ ኪራይ አይከፍልም።

ግንቦት፦ ዶሮ

ሾርባ ሻጮቹ ከበርሜሉ በጀሪካን እየቀዱ ወደ ቤት መውሰድ ጀምረዋል። ለዶሮ ነው። ኩሬ ያለው ሰው በሰፈሩ የለም፣ ዶሮ ግን በየቤቱ አለ። ጂኦሜምብሬንም ፕሮፎርማም አያስፈልገውም። አፍልተው ከፉርሽካና ከተፈጨ በቆሎ ጋር ያሹታል።

የመጀመሪያ ቅሬታ ወዲያው መጣ። እንቁላሉ ዓሣ ዓሣ ይላል። ዘይቱ ነው። በደንብ ካልተገፈፈ ወይም መኖው ውስጥ ከበዛ ሽታው ወደ አስኳሉ ይገባል። መጠኑን ከደረቁ መኖ ከአንድ አሥረኛ በታች አወረድነው፣ ዘይቱ ሁለት ጊዜ እንዲገፈፍ አደረግን። ሽታው ጠፋ። አንዷ እናት አላምንም ብላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለጎረቤት እየሸጠች አረጋግጣለች።

እኔ አሁን የማምነው ማሳያው ኩሬው ሳይሆን በርሜሉ መሆኑን ነው። በጀቱ ግን የተጻፈው በተቃራኒው ነው። «ዶሮ በፕሮጀክቱ ዓላማ ውስጥ የለም» የሚል አስተያየት ከቢሮ ደርሶናል። የለም፤ ተረፈ ምርቱ ግን ከሐይቁ ዳር የተነሳው በዶሮዋ ምክንያት ነው። የሞላሰሱን ዋጋ ሴቶቹ በመዋጮ መክፈል ጀምረዋል። ለዓሣ መኖ አንድ ሰው እንኳ ሳንቲም አላወጣም።

ሰኔ

ኩሬው ተለቀቀ። ከ300 በላይ ቆሮሶ ወጣ። አማካዩ ከ150 ግራም በታች ነው፤ ለመጥበሻ ትንሽ፣ ለማስተማሪያ በቂ። የሰፈሩ ሰው ተጠርቶ ተከፋፈለው። በቀጣይ ኩሬው ለተማሪዎች የወንድ ሴት መለያ ልምምድና ለአምባዛ ሙከራ ይሆናል። «ለሰፊ ሥልጠና የሚሆን ኩሬ» የሚል ነገር አልጽፍም።

ክረምቱ ስለገባ ማድረቅ አይቻልም፤ የዓሣ መኖው እስከ መስከረም ይቆማል። እርጥቡ ሳይሌጅ ግን ፒኤቹ ከ4.5 በታች እስካለ ድረስ ወራት ይቀመጣል። ለዶሮ ደግሞ መድረቅ አያስፈልገውም። የሚፈራው የዝናብ ውኃ ገብቶ አሲዱን እንዳያቀጥነው ነው። በርሜሎቹን ከግቢው ወደ ሴቶቹ መሸጫ ጀርባ አዛውረን የቆርቆሮ ጣራ እየሠራንላቸው ነው። የፒኤች ወረቀት አነባበቡን ከሴቶቹ ሦስቱ ለምደውታል፤ የበርሜሉ ቁልፍም እነሱ ጋ ነው።